«ያልተማረ ንጉሥ ዘውድ የደፋ አህያ ነው»፦ ትርጉሙና አመጣጡ

ይህ አባባል የመጣው ከፈረንሳይ ነው። ለንጉሥ የተላከ ስድብ ነው ይባላል። ተሳዳቢው ደግሞ ለዚያው ንጉሥ የሚገብር ባላባት ነው።

በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በሎዋር ወንዝ አካባቢ ያለችውን አንዡ የምትባል ግዛት ዳግማዊ ፉልክ ይገዛ ነበር። ማዕረጉ ካውንት ነው። ሰዉ «ደጉ ፉልክ» ይለዋል። በቱር ከተማ፣ በቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን፣ ከካህናቱ ጋር ቆሞ መዘመር ይወድ ነበር። በማኅሌት ከደብተራዎች መሀል የቆመ ደጃዝማች አስቡ። ንጉሥ ሉዊ 4ኛና አጃቢዎቹ ይህን አይተው ሳቁበት። ፉልክ ብዕር አነሳና ጻፈላቸው፦ «ጌታዬ፣ ያልተማረ ንጉሥ ዘውድ የደፋ አህያ መሆኑን ይወቁ።»

ነገሩ ከስድብ ያለፈ ቁም ነገር አለው። በዚያ ዘመን የተማረ የሚባለው ላቲን የሚያነብ ሰው ነበር። ቅዱሳት መጻሕፍቱም ሆነ የመሬት ሰነዱ በብዛት በላቲን ነው። ማንበብ የማይችል ንጉሥ ሌላው ያነበበለትን አምኖ ይፈርዳል። ዘውዱ በራሱ ላይ ነው፤ ማስተዋሉ ግን በሰው እጅ ነው። ለእኔ የአባባሉ ጉልበት እዚህ ላይ ነው።

በእርግጥ ፉልክ ተናግሮታል? እጠራጠራለሁ። ታሪኩን የያዘው የአንዡ ገዥዎች ዜና መዋዕል የተጻፈው በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ፉልክ ከሞተ ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። በ1120ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጻፈው እንግሊዛዊው መነኩሴና ታሪክ ጸሐፊ የማልምስበሪው ዊልያም ደግሞ ይህንኑ አባባል የእንግሊዙ ሄንሪ 1ኛ በልጅነቱ አባቱ እየሰማ ይደጋግመው ነበር ይላል።

ቢሆንም አባባሉ ለአንዡ ቤት ይገባዋል። የዚሁ ቤት ተወላጅ ፉልክ 4ኛ በ1096 የቤተሰቡን ታሪክ በራሱ ስም ጽፏል። ካህን ያልሆነ ጌታ ታሪክ ሲጽፍ በዚያ ዘመን ብርቅ ነው። በ1128 ደግሞ የሄንሪ 1ኛ ልጅ ማቲልዳ የአንዡን አልጋ ወራሽ ዦፍሯን አገባች። አባባሉ የሚነገርላቸው ሁለቱ ቤቶች ተጋቡ። ልጃቸው ሄንሪ 2ኛ በ1154 የእንግሊዝን ዘውድ ደፋ። ይህ ንጉሥ መጽሐፍ የሚወድና ከሊቃውንት ጋር መከራከር የማይሰለቸው ሰው ነበር። ዣን የተባለ የማርሙቲየ ገዳም መነኩሴ የአንዡን ዜና መዋዕል አስፋፍቶ ሲጽፍ፣ ሥራውን ያበረከተው ለእርሱ ነው።