ዳሽቦርድ ምንድን ነው? ባዶ ቦታ እኮ ዜሮ አይደለም

«የጤና ዳታው ዳሽቦርድ ላይ ተለቋል፤ ሕዝቡ ካላየው ምን እናድርግ?» የሚል ነገር ሰሞኑን ከአንድ ሰውዬ እንደገና ሰማሁ። አሁንስ በዛ። አሥራ አምስት ግራፍ አንድ ገጽ ላይ መደርደር ዳሽቦርድ አይደለም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው።

ስሙን የተዋስነው ከመኪና ነው፤ ከሹፌሩ ፊት ጌጆቹ ያሉበት ሰሌዳ ማለት ነው። እዚህ ሐዋሳ የባጃጅ ሹፌር ጌጁን የሚያየው ለአንድ ጥያቄ ነው፤ ቤንዚኑ ከአቶቴ እስከ አሞራ ገደል ያደርሰኛል ወይስ ልቅዳ? ስንት ሊትር ከስንት እንደቀረው ጉዳዩ አይደለም። ለሕዝብ የተሠራ የጤና ዳሽቦርድም እንደዚያ ነው። አንዲት እናት ስልኳን ከፍታ «ሰፈራችን ወባ በዝቷል ወይ?» ለሚለው መልስ ካላገኘች አልተሠራም። (ልጇን ካተኮሰው ግን ዳሽቦርድ አያስፈልጋትም፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ማስመርመር ነው።) ጤና ተቋማት ሪፖርት የሚያስገቡበት ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የራሱ ዳሽቦርድ አለው፤ እሱ ግን ለእኛ ለባለሙያዎቹ ነው። እንዳለ ቀድቶ ለሕዝብ መልቀቅ ሥራ አይባልም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ዳሽቦርዱ ላይ ባለው የወባ ካርታ አንድ ቀበሌ አረንጓዴ ሲሆን «እዚያ ወባ የለም» ይባላል። ቆይ እንጂ! ከዚያ ጤና ጣቢያ ሪፖርት መጥቷል? ያልመጣ ሪፖርት ሌላ፣ ዜሮ ታማሚ ሌላ። ጌጁ ተበላሽቶ ቀስቱ «ሙሉ» ላይ የቀረበትን ባጃጅ አስቡት። ሹፌሩ ጌጁ እንደሞተ ያውቃል፤ ባጃጁን ወዝወዝ አድርጎ የቤንዚኑን ድምፅ ይሰማል። ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ ግን ቀስቱን አይቶ ተማምኖ ይቀመጣል። ዳሽቦርዳችንን የሚያየው ሕዝብ ተሳፋሪ ነው። ስለዚህ ሪፖርት ያልመጣበት ቦታ አረንጓዴ አይሁን፣ ግራጫ ይሁን።

እውነተኛው ዜሮም ቢሆን ያታልላል። መመርመሪያ ኪት ያለቀበት ጤና ኬላ ወባ ከየት ያገኛል? ከታማሚው ቁጥር ጎን ስንት ሰው እንደተመረመረ ይጻፍ። ከ40 ሰው 10 ተገኘ ማለትና ከ400 ሰው 10 ተገኘ ማለት ለየቅል ነው።

«ይሄ ሁሉ ሰውን ያደናግራል፣ ቁጥሩን ብቻ አሳዩ» ይለኛል ያ ሰውዬ። ወንድሜ፣ ግራጫ ቀለም ማንንም አያደናግርም። የሚያደናግረው ከ100 በመቶ በላይ የሆነ የክትባት ሽፋን ያለምንም ማብራሪያ ሲለጠፍ ነው። እሱም ሁሌ ውሸት ነው ማለት አይደለም። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም ነው፤ የተከተቡትን የምናካፍልበት የሕፃናት ቁጥር ከዚያ ተነስቶ የተገመተ ነው። በዚያ ላይ ከአጎራባች ወረዳ መጥተው እዚህ የሚከተቡ ሕፃናት አሉ። ወሩም ሌላ ጣጣ አለው። በእኛ ሪፖርት «ጥቅምት» ማለት ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 20 ነው። ይሄን ለተሳፋሪው ማን ነገረው?

ስለ ግራጫው ግን እውነቱን ልናገር። ቡና የምታፈላልን ልጅ ስልኬን ሰጥቻት «ይሄ ምን ይመስልሻል?» ብላት፣ ትንሽ አየችውና «ደመና ነው?» አለችኝ። አሁን ግራጫው ላይ «ሪፖርት አልደረሰም» ብለን ጽፈንበታል።