ከሩቅ ማዕበል የሚመጣ ሞገድ፦ ሰርፊንግ በክረምት መውጫ

የደቻቱን ወንዝ የሚያውቅ የድሬዳዋ ሰው ይህን ነገር ለመረዳት አይቸገርም። ነሐሴ ላይ ከተማው ውስጥ ጠብ ሳይል፣ ደንገጎ ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ ደረቁን አሸዋ በአንዴ ሞልቶት ይመጣል። ድንጋይና ግንድ ሲያንከባልል ድምፁ ቀድሞ ይሰማል። ዝናቡ እዚያ ነው፣ ውሃው እዚህ። ሰርፈሮች በነሐሴና በመስከረም የሚጠብቁት ሞገድም እንደዚሁ ነው። ከባድ ነፋስ ያዘለው ማዕበል ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ባሕር መሃል ሲናጥ፣ ሞገዱ ፀሐይ በወጣበት ዳርቻ ይደርሳል።

ሰርፊንግ በሚነሳ ሞገድ ላይ በቦርድ (በሞላላ ሰሌዳ) ቆሞ መንሸራተት ነው። መነሻው የፖሊኔዥያ ደሴቶች ናቸው። ለዓለም ካስተዋወቁት አንዱ የሃዋዩ ዋናተኛ ዱክ ካሃናሞኩ ነው። ሰርፊንግ ኦሊምፒክ ውስጥ የገባው በቶኪዮ 2020 ውድድር ነው።

ለእኛ የበለጠ የሚገርመው ግን ይህ ማዕበል ከእኛ ተራሮች ጋር ያለው ዝምድና ነው። በክረምት በኢትዮጵያና በዳርፉር ተራሮች ላይ የሚነሳ ነጎድጓዳማ ደመና፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍሰውን የላይኛውን ነፋስ ያወዛውዘዋል። ይህ ውዝዋዜ ከሰሐራ በረሃ በታች ያለውን የሳህል ምድር አቋርጦ በሳምንት ገደማ አትላንቲክ ይደርሳል። አብዛኛው እዚያው ይከስማል። ባሕሩ ከ26 ዲግሪ በላይ ሞቆ ከጠበቀው ግን አንዳንዱ ይበረታል። የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሃሪኬን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2000 የተነሳውን አልቤርቶ የተባለ ሃሪኬን ተመራማሪዎች ወደኋላ ሲከታተሉት፣ ጅማሬውን የኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ከነበረ የደመና ክምችት አገናኝተውታል። አልቤርቶ የብስ ሳይረግጥ ባሕር ላይ ሲዞር ቆይቶ ጠፋ።

የአትላንቲክ የሃሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ይዘልቃል። የሚበረታው ሴፕቴምበር 10 አካባቢ ነው፤ እኛ ለእንቁጣጣሽ ሽር ጉድ ስንል ማለት ነው። ባሕር ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይቀዘቅዝም። ስለዚህ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በኒው ጀርሲና በሰሜን ካሮላይና፣ አየሩ መቀዝቀዝ ሲጀምር ውሃው ገና ለብ ያለ ነው። የእነሱ የበጋ ጎብኚም ሄዷል። ብዙ ሰርፈሮች ይህን ጊዜ ከዓመቱ ሁሉ ይወዱታል፤ ምክንያት አላቸው።

የሞገዱ ትልቅነት የሚወሰነው በነፋሱ ብርታት፣ በነፈሰበት ሰዓት ርዝመትና በሸፈነው የባሕር ስፋት ነው። ከማዕበሉ ሥር ባሕሩ ዝብርቅርቅ ስለሆነ ለሰርፊንግ አይሆንም። እየራቀ ሲሄድ ግን ሞገዱ ይስተካከላል። ረጃጅሞቹ ሞገዶች ቀድመው ይገሰግሳሉ፣ አጫጭሮቹ ወደኋላ ይቀራሉ። ዳርቻ ላይ ቆመው በአንዱ ሞገድና በቀጣዩ መካከል 14 ሰከንድ ያህል ከቆጠሩ፣ ከሩቅ የመጣ ጥሩ ሞገድ ነው። እንዲህ ያለው በሰዓት ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ በቀን 900 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ትንበያ የሚከታተል ሰው ቦርዱን ለማዘጋጀት ጊዜ አለው። ሞገዱ ጥልቀት ወዳነሰበት ሲደርስ እግሩ ይያዛል፣ ቁመቱ ይጨምራል፣ ከዚያ ይሰበራል። ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ቀለል ያለ ነፋስ ካለ የሞገዱ ፊት ተስተካክሎ ይቆያል።

ደስታው ማዕበሉ ባሕር ላይ ቀርቶ ሞገዱን ብቻ ሲልክ ነው። የብስ ከረገጠ ቤት ያፈርሳል፣ ሰው ይገድላል። ለድሬ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወስዷል።

ማዕበሉ ሩቅ ሆኖም ሞገዱ ሰው ይገድላል። ዳርቻውን የመታው ውሃ ወደ ባሕር ሲመለስ በጠባብ መስመር ይወርዳል፣ ዋናተኛውንም ይዞት ይሄዳል። ጎበዝ ዋናተኛም ፊት ለፊት ታግሎ አያሸንፈውም። ጉልበትን ቆጥቦ መንሳፈፍ፣ ከዚያም ከዳርቻው ጎን ለጎን እየዋኙ ከመስመሩ መውጣት ይሻላል። ቦርድ ያለው ሰው ቦርዱን አይልቀቅ።