«ፕሪቪሌጅድ ፖርት» ምንድን ነው?

የአክስቴ ልጅ ባሕር ዳር ፖሊ ነው የሚማረው። ቅዳሜ ጣና ዳር ቡና ይዘን ቁጭ ብለን ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው። ፖድማን (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የተከለለ ቦታ የሚያስኬድ መሣሪያ) ላይ ኤንጂንኤክስ የተባለውን የዌብ ሰርቨር ሊያስነሳ ለፖርቱ 80:80 ብሎ ጽፏል። የመጣለት «ፐርሚሽን ዲናይድ» (ፈቃድ የለህም) ነው። ኢሜጁ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት የፕሮግራም ጥቅል) የተበላሸ መስሎት ሁለቴ አጥፍቶ አውርዶታል፤ ያውም በሞባይል ዳታ! አንጀቴን በላው።

«እስቲ መስመሩን እስከ መጨረሻ አንብበው» አልኩት። መልእክቱ ራሱ ይናገራል፦ 80 ፕሪቪሌጅድ ፖርት ነው፣ 1024 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ቁጥር ምረጥ።

ፖርት ፕሮግራሞች በኔትወርክ የሚገናኙበት የበር ቁጥር ነው፤ እስከ 65535 ይደርሳል። ሊኑክስ ላይ ከ1024 በታች ያሉት ፕሪቪሌጅድ ይባላሉ፤ የሚከፍታቸው ሩት (በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ወይም ልዩ ፈቃድ ያለው ፕሮግራም ብቻ ነው። ልማዱ የመጣው አንድ ማሽን ብዙ ሰው ይጋራበት ከነበረው የዩኒክስ ዘመን ነው። ተራ ተጠቃሚ የመግቢያውን ፖርት ቀድሞ ይዞ የሰው ፓስዎርድ እንዳይለቅም ተፈርቶ ነው። ለግል ላፕቶፕ ብዙም የሚጠቅም አይመስለኝም፤ ደንቡ ግን እስካሁን አለ።

«ጓደኛዬ ጋ እኮ ይሠራል» አለኝ። ጓደኛው ሊኑክስ ላይ ዶከር የተባለውን ሌላ የኮንቴይነር መሣሪያ ነው የሚጠቀመው። እዚያ በሩን የሚከፍተው ከጀርባ በሩት የሚሠራው የዶከር ሰርቪስ ነው። ፖድማን ግን ሩት ካልሆናችሁ በእናንተው ስም ስለሚሠራ የእናንተን ያህል ብቻ ነው መብቱ።

መፍትሔው የግራውን ቁጥር መቀየር ነው። ግራው የላፕቶፑ፣ ቀኙ የኮንቴይነሩ ነው። 8080:80 አልነው፤ ብራውዘር ላይ ሎካልሆስት ብሎ 8080 ሲጨምርበት ገጹ ወዲያው ተከፈተ። ኮንቴይነሩ ውስጥ ምንም አልነካንም።

የግድ 80 ካስፈለጋችሁ፣ ክልከላው የሚያበቃበትን የከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ቁጥር ከ1024 ወደ 80 ማውረድ ይቻላል። በሱዶ (በሩት ሥልጣን በሚያስኬደው ትእዛዝ) ማስነሳትን ግን አልመክርም። ኮንቴይነሩን ያለ ምክንያት የሩት ሥልጣን ታስታቅፉታላችሁ። ደግሞ በፖድማን የሩት የኢሜጅ ማከማቻ ከእናንተው የተለየ ነው፤ ስለዚህ ኢሜጁን ለሦስተኛ ጊዜ ሊያወርድ ነበር።

«አድሬስ ኦልሬዲ ኢን ዩዝ» ካላችሁ ጉዳዩ ሌላ ነው። ያኔ ፈቃድ አልጎደለም፤ ፖርቱን ሌላ ፕሮግራም ይዞታል። ያንን ፕሮግራም ዝጉት፣ ወይም ወደ 8081 እለፉ።