ሁዳድ፣ ወፍጮ፣ ሮቦት፦ የቆየ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ከሰሜን ሸዋ ሲነበብ

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ገና ያልተሠራን መሣሪያ እንደተሠራ ቆጥሮ ሰው ከዚያ መሣሪያ ጋር እንዴት እንደሚኖር የሚተርክ የድርሰት ዘርፍ ነው። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ሲጠይቁት በጽሑፍ የሚመልስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በብዙ ሰው እጅ ከገባ ወዲህ የዘርፉ የቆዩ ሥራዎች እንደ አዲስ እየተነበቡ ነው። የዘርፉን ታሪክ ብዙዎች ከእንግሊዛዊቷ ደራሲ ሜሪ ሼሊ የ1818 ልብ ወለድ ከ«ፍራንከንስታይን» ይጀምሩታል። ለሰሜን ሸዋ አንባቢ ግን የሚቀርበው መነሻ አንድ ቃል ነው።

«ሮቦት»ን ለዓለም ያስተዋወቀው የቼክ ደራሲው ካሬል ቻፔክ በ1920 አሳትሞት በ1921 ፕራግ ላይ ለመድረክ የበቃው ተውኔት ነው፤ ቃሉን ያቀበለው ወንድሙ ዮሴፍ ነበር። ሥሩ «ሮቦታ» ገበሬ ለጌታው ያለ ክፍያ የሚሠራው የግዴታ ሥራ ማለት ነው። አማርኛ ለዚህ ቃል አይቸገርም፤ ሁዳድ ይለዋል። ባላገሩ የራሱን እርሻ ጥሎ የቤተ መንግሥቱን ወይም የባለ ጉልቱን ማሳ የሚያርስበት፣ የሚያርምበት፣ የሚያጭድበት ቀን ነበር። የቻፔክ ሮቦቶች ብረት ለበስ አይደሉም፤ መልካቸው የሰው፣ ገላቸውም ሥጋ ነው፤ በመጨረሻም ያምፃሉ። ሁዳድን የሚያውቅ አንባቢ ማሽኑ ያስብ እንደሆነ ከመጠየቁ በፊት ድካሙ የማን፣ አዝመራውስ የማን እንደሆነ ይጠይቃል። ተውኔቱ የተጻፈውም ለዚህ ጥያቄ ይመስለኛል።

ማሽንን መፍራትም ለአገሩ እንግዳ አይደለም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (1813–1847 እ.ኤ.አ.) ከአንኮበር ሆነው ሸዋን ሲገዙ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ የውኃ ወፍጮ ተክሎ ነበር፤ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ስላሉ ቆመ። ታሪኩ ሲነገር ንጉሡና ካህናቱ ይነሣሉ፤ ተንበርክካ መጅ የምትገፋዋ ሴት ግን አትነሣም። ወፍጮው ሲቆም እህሉ የተመለሰው ወደ እሷ ነው።

አሜሪካዊው ደራሲ አይዛክ አሲሞቭ በ1942 ሦስቱን የሮቦት ሕግጋት በአንድ አጭር ልብ ወለድ ውስጥ አሰፈረ፦ ሰውን አትጉዳ፣ ታዘዝ፣ ራስህን ጠብቅ። በ1947 ባወጣው ሌላ ታሪክ አንድ የተናደደ ሠራተኛ ሮቦቱን ከፊቴ ጥፋ ይለዋል። ሮቦቱም ይጠፋል፤ ከእሱ በመልክ በማይለዩ 62 ሮቦቶች መሃል ገብቶ ይደበቃል። የሮቦት ሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሱዛን ካልቪን ለይታ ለማውጣት መከራዋን ታያለች። መንዝ ውስጥ አባት ልጁን «ጥፋ ከዚህ!» ቢለው ልጁ እስከ ጓሮ ይሄዳል፣ ለእራት ይመለሳል። ሰሙ መጥፋት፣ ወርቁ ንዴቱ እስኪበርድ ዞር ማለት ነው። ሮቦቱ ሰሙን ብቻ ሰማ። ከአሲሞቭ ታሪኮች ሁሉ ለቅኔ አገር ሰው ይህን አስቀድሜ አነብለት ነበር።

የዛሬው ሰው ሠራሽ አስተውሎት በዋናነት የሚሠራው እንዲህ ባሉ ሕግጋት አይደለም፤ ከብዙ ጽሑፍ ቀጣዩን ቃል መገመት ይማራል። ስለዚህ ያልተጻፈ ነገር አይደርሰውም። የአማርኛ ጽሑፍ በኢንተርኔት ላይ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። የመንዝ ቀረርቶ፣ የለቅሶ ቤት ሙሾ፣ ባልና ሚስት የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች የሚናገሩት ደግሞ አብዛኛው በቃል የሚኖር፣ ከተናጋሪው ጋር የሚያልፍ ነው።