የአያት ጠመንጃ በአዳማ

አዳማ ውስጥ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጠመንጃ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የወረሰው ነው። ከሸዋ ወይም ከአርሲ ገጠር የመጣ ቤተሰብ የአያቱን መሣሪያ ይዞ ይመጣል። አንዱ ሳሎን ውስጥ ከአያትየው ፎቶ ጎን ይሰቅለዋል፣ ሌላው በአቡጀዲ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ያኖረዋል።

መነሻው ከስሙ ይታወቃል። ሰናድር የምንለው የእንግሊዙ ስናይደር ነው። ውጅግራ ደግሞ ፈረንሳዮች «ፉዚል ግራ» የሚሉት ነው፤ አባቶቻችን እንደሰሙት ጠሩት። ምንሽር ማንሊከር፣ ለበን ሌበል ነው። እነዚህ ሁሉ ከኋላ ይጎርሳሉ። ሙስኬት ግን የሚጎርሰው በአፈሙዙ ነው። መጀመሪያ ባሩድ፣ ቀጥሎ አረር፣ ከዚያ በዘንግ ጠቅጠቅ ይደረጋል።

ሰናድር የሁለቱ ዘመን ድልድይ ነው፣ እኔም ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1866 ጀምሮ በአፈሙዝ ይጎርስ የነበረውን ኤንፊልድ ከኋላው ቆርጠው ክዳን ገጠሙለት። ክዳኑ በማጠፊያው ወደ ቀኝ ይከፈታል። ከጎኑ ያለው ብረት ላይ ብዙ ጊዜ ዘውድ ተቀርጾ ይታያል።

ወደ አገራችን የገቡበት መንገድ ብዙ ነው። የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲመለስ ለደጃዝማች ካሳ፣ ለኋላው አፄ ዮሐንስ፣ 850 ያህል ሙስኬት ትቶ ሄደ። በ1868 ጉንደትና ጉራ ላይ ከግብፆች ሬሚንግተን የሚባል ጠመንጃ በብዛት ተማረከ። በ1879 ደግሞ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ለምኒልክ ወደ 2,000 ጠመንጃ ይዞ ሸዋ ገባ። ያኔም ቢሆን ጊዜ ያለፈባቸው፣ በካፕሱል፣ ማለትም ሲመታ ባሩዱን በሚያቀጣጥል ትንሽ ቆብ፣ የሚተኮሱ ነበሩ።

አያያዙ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ከመቶ ዓመት በፊት እንደጎረሰ ሊቀመጥ ይችላል፤ ባሩዱም ደረቅ ከሆነ አይሞትም። ስለዚህ ፊትን ከአፈሙዙ አርቆ ዘንግ ቀስ ብሎ መክተትና የገባበትን ቦታ ምልክት ማድረግ ነው። ከዚያ ዘንጉን በውጭ በኩል ከበርሜሉ ጋር ማስተያየት። ዘንጉ እስከ ታች ካልደረሰ ውስጡ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው፤ በራስ መነካካት የለም፣ ባለሙያ ይጠራ።

የአዳማ ሙቀትና አቧራማ ነፋስ እንጨቱን ያደርቀዋል። ሰደፉ እንዳይሰነጠቅ የተልባ ዘይት በጨርቅ ስስ አድርጎ ማሸት ይበቃል። የምግብ ዘይት ግን ይጣበቃል፣ አቧራም ይይዛል። የኛ ቤት ጠመንጃ አንድ ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ ማህተሙ ድራሹ ጠፋ። አበራ ብለን ተደስተን ነበር። የት እንደተሠራ የሚናገረው ግን ያ ማህተም ነበር፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«የአያቴ መታሰቢያ ነው» ማለት ብቻውን አያዋጣም። ያለ ፈቃድ ጦር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ክልክል ነው። ቅርስ የሆነ ዕቃም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ይመዘገባል፣ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

ነገሩ የገባቸው ቤተሰቦች አንድ ተጨማሪ ነገር ያደርጋሉ። ማን እንደታጠቀው፣ ከማን እንዳገኘው፣ የት እንደዘመተበት ትልልቆቹን ጠይቀው ወረቀት ላይ ይጽፋሉ፤ ወረቀቱንም አጥፈው ማንገቻው ላይ በክር ያስሩታል።