በአፈሙዙ የሚጎርስ ሾትጋንና የወፍ አደን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሩዱም እርሳሱም በአፈሙዙ በኩል የሚገባለት ሾትጋን፣ ማለትም ብዙ ትንንሽ የእርሳስ ፍሬ በአንድ ጊዜ የሚተኩስ ጠመንጃ፣ ዛሬም ወፍ አዳኞች እጅ ላይ አለ። ይህ ጠመንጃ ቀለህ አያውቅም። እያንዳንዱን ተኩስ ሰፍሮ፣ ጠቅጥቆ የሚያዘጋጀው አዳኙ ራሱ ነው። የሚያስወድደውም የሚያሰጋውም ይኸው ነው፤ በወሬ የተያዘ ስህተት እዚህ ጣት ያስቆርጣል።

«ባሩድ በበዛ ቁጥር ርቆ ይመታል»

ደጋግሜ የምሰማው ይህንን ነው። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ባሩዱ ከልክ ሲያልፍ የጋዙ ግፊት ውታፉን (በባሩዱና በእርሳሱ መካከል የሚገባውን መድፈኛ) ከኋላ እየገፋ የእርሳስ ፍሬዎቹ መሃል ይከተዋል። ፍሬዎቹ ወደ ዳር ይበተኑና መሃሉ ባዶ ይቀራል። ወፏ በዚያ ክፍተት ታልፋለች፤ ወይም አንድ ሁለት ፍሬ ይዛ ትሄድና ጥሻ ውስጥ ተሰቃይታ ትሞታለች። የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው።

ጥሩ መነሻ እኩል ስፍር ነው። ባሩዱንም እርሳሱንም በአንድ ዓይነት መስፈሪያ መስፈር ማለት ነው፤ በክብደት ሳይሆን በይዘት። ለ12 ጌጅ (የቱቦው ስፋት መለኪያ ነው) ከ28 እስከ 32 ግራም እርሳስ የተለመደ ሲሆን፣ አብሮት የሚሄደው ባሩድ ወደ 5 ግራም ይጠጋል። የጠመንጃው መመሪያ ከዚህ ያነሰ ካዘዘ መመሪያው ይከበር። ከዚያ ትልቅ ወረቀት 25 ሜትር ላይ ሰቅላችሁ ተኩሱ። 75 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ወፍ የሚያሾልክ ቀዳዳ ካለ ባሩዱን ትንሽ ቀንሱና ድገሙት። አብዛኞቹ የድሮ ቱቦዎች አፋቸው ላይ ስለማይጠብቡ ፍሬዎቹ ቶሎ ይበተናሉ፤ ስለዚህ ከ30 ሜትር በላይ ያለችውን ወፍ መተው ነው።

«ባሩድ ያው ባሩድ ነው»

አይደለም! ለዚህ ጠመንጃ የሚሆነው ጥቁር ባሩድ፣ ወይም አምራቹ ለእንዲህ ዓይነት ጠመንጃ ብሎ የሠራው ምትክ ብቻ ነው። ጥቁር ባሩድ በተለመደው ቅንብሩ 75 በመቶ ጨው ጴጥሮስ (ፖታሲየም ናይትሬት)፣ 15 በመቶ ከሰል፣ 10 በመቶ ድኝ ነው። የዘመኑ ጭስ አልባ ባሩድ ግን ግፊቱ ሌላ ነው፤ ቱቦውን ይሰነጥቀዋል። «ቁንጥር ብትቀላቀልስ?» ለሚል ሰው መልሱ ያው ነው። ቀለሙን አይቶ መለየትም አይቻልም፣ ጭስ አልባውም ጥቁር ሊሆን ይችላል። ምንነቱ ያልተጻፈበት ዕቃ ውስጥ ያለ ባሩድ አይነካ።

«ውታፍ ለይስሙላ ነው፤ የተገኘው ወረቀት ይበቃል»

እስቲ አጎራረሱን ቀርበን እንየው። መጀመሪያ መጠቅጠቂያውን ዘንግ ወደ ቱቦው ልቀቁት። ባዶ ከሆነ ብረት በብረት ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ ነገር ካለ ድምፁ ይታፈናል። ባሩዱ ከቀንዱ፣ ማለትም ከባሩድ መያዣው፣ በቀጥታ አይፈስም። ከቀደመው ተኩስ የቀረች ፍም ብትኖር እጃችሁ ላይ ያለው ቀንድ በሙሉ ይነዳል። በትንሽ መስፈሪያ ሰፍሮ ማፍሰስ ነው።

ባሩዱ ላይ ወፍራም የካርቶን ውታፍ ይገባል፤ ጋዙን አፍኖ የሚይዘው እሱ ነው። ቀጥሎ ለስለስ ያለ የሱፍ ወይም የቃጫ ውታፍ፣ ከዚያ እርሳሱ፣ መጨረሻ ላይ ስስ ካርቶን። ይህች ስስ ካርቶን ከሌለች አፈሙዙ ዘንበል ሲል እርሳሱ ተንከባሎ ይወጣል። በወፍራም ከተተካች ደግሞ ፍሬዎቹን ትበታትናለች።

ዘንጉ በመዳፍ ሳይሆን በጣት ጫፍ ተይዞ፣ ፊትም ከአፈሙዙ ዘወር ብሎ ነው የሚጠቀጠቀው። በባሩዱና በውታፉ መካከል ክፍተት መቅረት የለበትም። ሁሉም ገብቶ ሲያልቅ ዘንጉ ላይ አፈሙዙ ጋ ምልክት አድርጉበት፤ ሌላ ጊዜ ምልክቱ ከፍ ብሎ ከቆመ የሆነ ነገር ተሳስቷል። ካፕሱሉ፣ ማለትም ሲመታ እሳት ሰጥቶ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ቆብ፣ የሚቀመጠው የመጨረሻው መጨረሻ ላይ ነው።

«ባለ ሁለት ቱቦ ከሆነ አንዱ ተተኩሶ ሌላው ቢቆይ ችግር የለውም»

ልምድ ያላቸውንም የሚያሳስት ይሄ ነው። አንዱ ሲተኮስ የጠመንጃው ርግጫ የሌላውን እርሳስ ወደፊት ሊያንሸራትተው ይችላል። የተንሸራተተ እርሳስ ቱቦውን እንደ ድንጋይ ይደፍነዋል፤ ሲተኮስም ቱቦው ያብጣል ወይም ይፈነዳል። ስለዚህ ባዶውን ከማጉረስ በፊት የሌላውን ካፕሱል አውልቁ። ከዚያ በዘንጉ ምልክት እርሳሱ ቦታው ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ወፎች እየተነሱ በጥድፊያ ሲጎረስ ደግሞ የጎረሰውን ቱቦ ሁለተኛ ማጉረስ ቀላል ነው። ዘንጉን ባዶው ቱቦ ውስጥ ተክሎ መጀመር ከዚህ ያድናል።

«እሳቱ ስለሚዘገይ የሚበር ወፍ መምታት አይቻልም»

ስጋቱ መነሻ አለው። በባልጩት የሚተኮሰው ጠመንጃ ጎኑ ላይ ቦግ ሲል ወፎች እየደነገጡ ያመልጡ ነበር። በዚህ የተማረረው ስኮትላንዳዊ ቄስ አሌክሳንደር ፎርሳይት በምት የሚቀጣጠል ቅመም ሥራ ላይ አውሎ በ1807 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አገኘ። ካፕሱል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በካፕሱል መዘግየቱ እዚህ ግባ አይባልም። በደንብ የተያዘ ባልጩትም ቢሆን ፈጣን ነው። ወፏን የሚያስመልጠው ምላጩ ሲሳብ ክንድ ቀጥ ብሎ መቆሙ ነው። ከተተኮሰም በኋላ አፈሙዙ ወፏን መከተሉን አያቋርጥ።

«ካልተኮሰ ከሽፏል፤ ፈትሸው»

ወዲያው አይደለም። ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። አፈሙዙን ወደማያሰጋ አቅጣጫ አድርጎ ቢያንስ አንድ ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው።

«እርሳስም ብረትም ያው ፍሬ ነው»

የብረት ፍሬ የድሮውን ለስላሳ ቱቦ ይቧጭረዋል። በሌላ በኩል አሜሪካ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዳክዬና ለመሰል የውሃ ወፎች አደን እርሳስን በመላ አገሪቱ ከልክላለች፤ ምክንያቱም ወፎቹ የወደቀውን ፍሬ ለቅመው ይመረዛሉ። እርሳስ በተከለከለበት ቦታ ለስለስ ያለው ቢዝመዝ የተባለ ብረታ ብረት የተሻለ አማራጭ ነው።

«ዘይት ከተቀባ ጽዳቱ አለቀ»

የጥቁር ባሩድ ጥላሸት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ብረቱንም ቶሎ ያዝገዋል። ዘይት ላዩ ላይ ቢቀባ ዝገቱን ከሥሩ መሸፈን ብቻ ነው። የሚያሟሟው ውሃ ነው። መጀመሪያ ሁለቱም ቱቦ መተኮሱን አረጋግጡ። ከዚያ በዚያው ቀን በሙቅ ውሃና በሳሙና ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ እጠቡት። ካፕሱል የሚቀመጥበትን ጫፍ ፈታችሁ ቀዳዳውን አጽዱ። ቱቦው ከውስጥ በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው ስስ ዘይት የሚቀባው። በማግስቱ አንድ ነጭ ጨርቅ አሳልፉበት። ቡናማ ሆኖ ከወጣ እጥበቱ ይደገም።