በወንጀል ሕጉ «ወጣት» የሚባለው ማን ነው?

ሐዋሳ ላይ የማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊዎችና የፖሊስ አመራሮች አብረው ሲሠለጥኑ ቶሎ የማያግባባ አንድ ቃል አለ፦ «ወጣት»።

የወጣቶች ፖሊሲው ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። በወንጀል ሕጉ ግን «ወጣት ጥፋተኛ» ማለት ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ነው። ሁለቱም የወጡት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ሰው ግራ ቢጋባ አልፈርድበትም።

ፍቅር ሐይቅ ዳር ስልክ ሲነጥቅ የተያዘ የ13 ዓመት ሊስትሮ አለ እንበል። መዝገቡ ላይ «ወጣት» ተብሎ ብቻ ይጻፋል። ተረኛው ሃያ ዓመት የሞላው ይመስለውና ከትልልቆቹ ጋር ያስገባዋል። ይሄ ደግሞ ሕጉ በግልጽ የከለከለው ነው! እንዲህ ያለውን ልጅ ፍርድ ቤት በቅርብ ክትትል እንዲማር ያዛል፣ ይገሥጸዋል፣ ወይም ወደ ጠባይ ማረሚያ ይልከዋል። የአዋቂ ቅጣት አይመለከተውም።

ከ9 በታች ያለ በወንጀል አይጠየቅም። ከ15 በላይ፣ ከ18 በታች የሆነው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል፣ ሞት ግን አይፈረድበትም።

ስለዚህ እባካችሁ፣ «ወጣት» ብላችሁ ስትጽፉ ዕድሜውን አጠገቡ አስፍሩ።